ለፕሮስቴት የቱ ሕክምና ይሻላል?

«ለፕሮስቴት የቱ ሕክምና ነው የሚሻለው?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። ሐኪም አይደለሁም። ግን አባቴ የፕሮስቴት ዕጢው አድጎበት፣ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በፕሮስቴት ካንሰር ሲታከሙ ከጎናቸው ነበርኩ። ወረፋ ጠብቄያለሁ። ሐኪሞቹ ያሉትን በደብተር ጽፌያለሁ። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ አንብቤያለሁ። የሚጠይቀኝን ሰው እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ። ስንት ዓመትህ ነው? ሌሊት ስንቴ ትነሳለህ? ሌላ ሕመም አለብህ? ምን ብታጣ በጣም ይከፋሃል? እነዚህ ሳይታወቁ የሚሻል ሕክምና የሚባል ነገር ያለ አይመስለኝም።

ሁለቱን በሽታዎች መለየት ይቀድማል። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧውን እንደ ቀለበት የከበበ ዕጢ ነው። ከዘር ፈሳሹ ከፊሉን የሚያመነጨው እሱ ነው። በወጣትነት 20 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዕድሜ ሲገፋ ያድጋል፤ ይህ ከሽበት የተለየ ነገር አይደለም። የሚያድገው በብዛት ቧንቧውን የሚነካው የመሃሉ ክፍል ስለሆነ ቶሎ ይታወቃል። ሽንት ይቀጥናል፣ ለመጀመር ያስቸግራል፣ ካለቀ በኋላ ይንጠባጠባል፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳል። ካንሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በፊንጢጣ በኩል ካለው ከውጨኛው ክፍል ነው። ከቧንቧው ራቅ ስለሚል ሲጀምር ድምፁን አያሰማም። ስለዚህ «ሽንቴ ደህና ነው፣ ምንም የለብኝም» ማለት አያዋጣም። ሽንት ያስቸገረው ሁሉም ካንሰር የለበትም። የዕጢው ማደግ ወደ ካንሰር አይለወጥም። ሁለቱ ግን አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

አባቴ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም። የነገረችኝ እናቴ ናት። «ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ ያድራል። እኔን ላለመቀስቀስ ብሎ መብራት እንኳ አያበራም፤ ወድቆ እንዳይሰበርብኝ» አለችኝ። ለምኜው ሐኪም ቤት ሄድን። እዚያ አንድ ቅጽ ተሰጠን። ሰባት ጥያቄ አለው። ባለፈው ወር ስንት ጊዜ አላለቀልኝም የሚል ስሜት ነበረዎት? ሽንቱ ስንት ጊዜ እየተቋረጠ መጣ? ስንት ጊዜ ማማጥ ነበረብዎት? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሞላና ይደመራል። እስከ 7 ከሆነ ቀላል ነው። ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 እስከ 35 ከባድ ይባላል።

እያነበብኩለት ሰባቱን ቶሎ ቶሎ መለሰ። ከሥር አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ነበር። የሽንትዎ ሁኔታ አሁን እንዳለ ሆኖ ቀሪ ዕድሜዎን ቢኖሩ ምን ይሰማዎታል? የሚል። አባቴ ዝም አለ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና መነጽሩን አስተካክሎ ራሱ አነበበው። መልሶቹ «በጣም ደስ ይለኛል» ከሚለው ተነስተው «ፈጽሞ አልችለውም» እስከሚለው ይወርዳሉ። እስክሪብቶውን ከላይ ጀምሮ በእያንዳንዱ ላይ እያሳለፈ ወረደ። የመጨረሻው ሊደርስ አንድ ሲቀረው አቆመና አከበበ። ስንት ሌሊት ብቻውን እንደተቸገረ የገባኝ ያኔ ነው።

ሐኪሟም ወረቀቱን ስትቀበል ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው እዚያችው ላይ ነው። በኋላ ምክንያቱ ገባኝ። ዕጢው አደገ ተብሎ ብቻ አይታከምም። ትልቅ ዕጢ ይዞ ደህና የሚተኛ ሰው አለ። ትንሽ ዕጢ ይዞ እንቅልፍ ያጣም አለ። ሕክምናው የሚከተለው የሰውየውን ምሬትና ፊኛውና ኩላሊቱ ላይ የደረሰውን ጉዳት ነው። ምሬቱን ደግሞ ራሱ ካልተናገረ ማንም አያውቅለትም።

ብዙም ለማይቸገር ሰው በየጊዜው እየታዩ መቆየት በቂ ሊሆን ይችላል። ከመኝታ በፊት ፈሳሽ መቀነስ፣ ካፌይንና አልኮል መተው ብዙ ሰው ይረዳል። አንድ ነገር ግን አስምሬበት ማለፍ እፈልጋለሁ። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች፣ በተለይ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍተው ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው፣ ዕጢው ያደገበትን ሰው ሽንት ድርቅ ሊያደርጉበት ይችላሉ። እንቅልፍ የሚያመጡት የአለርጂ ክኒኖችም እንዲሁ። ለአባቶቻችን ከመድኃኒት ቤት ዝም ብለን ገዝተን የምናመጣቸው ናቸው።

መድኃኒት ካስፈለገ ሁለት ዋና ዓይነት አለ። አንደኛው የፊኛውን አንገትና የዕጢውን ጡንቻ የሚያላላ ነው። ታምሱሎሲን፣ አልፉዞሲንና ዶክሳዞሲን ከዚህ ወገን ናቸው። በቀናት ውስጥ ለውጥ ይታያል። ዕጢውን ግን አያሳንሱም። ድንገት ብድግ ሲሉ ሊያዞሩ ይችላሉ። ለአባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀምጦ እንዲነሳ ተነገረው። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ታምሱሎሲን እንደሚወስድ ለዓይን ሐኪሙ አስቀድሞ መናገር አለበት። መድኃኒቱ በኦፕራሲዮን ጊዜ የዓይን ብሌን በደንብ እንዳይከፈት ያደርጋል።

ሁለተኛው ወገን ፊናስቴራይድና ዱታስቴራይድ ናቸው። እነዚህ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ዕጢው ውስጥ ወደ ጠንካራው ቅርጹ እንዳይለወጥ ይከለክሉና ዕጢውን ያሳንሱታል። ሩብ ያህል ይቀንሳል። ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስድስት ወር ሳይሞላ «አልሠራልኝም» ብሎ መተው ትርጉም የለውም። የወሲብ ፍላጎትን ሊቀንሱ ይችላሉ። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አላቸው፤ ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ውጤት በግማሽ ያህል ያወርዱታል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ቁጥሩን ዝቅተኛ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ምርመራ በሰጠ ቁጥር ይንገር።

ሶ ፓልሜቶ ስለሚባለው የተክል ክኒን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2011 የወጡ፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በጥንቃቄ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች ምንም መድኃኒት ከሌለው ክኒን የተለየ ጥቅም አላገኙበትም። በ2011ዱ ጥናት መጠኑ እስከ ሦስት እጥፍ ከፍ ተደርጎ ነበር። ያም ሆኖ ለውጥ አልመጣም። እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም።

አባቴ ጡንቻ የሚያላላውን ክኒን ጀምሮ ጥቂት ወራት ደህና ከረመ። አንድ ሌሊት ግን ሽንቱ ጭራሽ ቆመ። ሆዱ ከእምብርቱ በታች ተወጥሮ በላብ ተጠምቆ ነበር። ድንገተኛ ክፍል ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ሲገባለት ያ ሁሉ ሽንት ከረጢቱ ውስጥ ሲወርድ የፊቱ ቀለም ሲመለስ አየሁ። እንዲህ ዓይነት ሽንት ማቆም እስኪነጋ አይጠበቅም። ከዚህ የሚከፋው ግን ቀስ ብሎ፣ ያለ ሕመም የሚጠራቀመው ነው። ፊኛው ሳይራገፍ ይኖርና ግፊቱ ወደ ላይ ወጥቶ ኩላሊትን ይጎዳል።

ኦፕራሲዮን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሽንት ደጋግሞ ሲቆም፣ ኩላሊት ሲጎዳ፣ ፊኛ ውስጥ ጠጠር ሲፈጠር፣ ኢንፌክሽን ወይም ደም ሲመላለስ፣ ወይም መድኃኒቱ አልበቃ ሲል። ለብዙ ዓመታት ዋናው መንገድ በሽንት ቧንቧ በኩል መሣሪያ አስገብቶ የመሃሉን ክፍል እየቆራረጡ ማውጣት ነው። ሆድ አይከፈትም። ዕጢው በጣም ትልቅ ከሆነ፣ ከ80 ግራም በላይ ሲሆን፣ ሆድ ተከፍቶ ይወጣል። ወይም ሆልሚየም በሚባል ሌዘር ከውስጥ ተፈልፍሎ ይወጣል። ቀለል ያሉም መጥተዋል። በእንፋሎት የሚያሟሽሽ አለ፣ ዕጢውን በትናንሽ ማሰሪያ ወደ ጎንና ጎን ስቦ ቧንቧውን የሚከፍት አለ። እነዚህ ቶሎ ወደ ሥራ ይመልሳሉ። የዘር ፈሳሽ አወጣጥንም በአብዛኛው አይነኩም። ከጊዜ በኋላ ሌላ ሕክምና የመፈለግ ዕድሉ ግን ከቆረጣው ይበልጣል።

የዘር ፈሳሽ ነገር በደንብ ይነገር። ከቆረጣው ኦፕራሲዮን በኋላ ብዙዎቹ ወንዶች ሲረኩ ፈሳሽ ወደ ውጭ አይወጣም። ወደ ኋላ፣ ወደ ፊኛ ይሄድና ከሽንት ጋር ይወገዳል። ጤና አይጎዳም፣ ስሜቱም ይኖራል። ልጅ መውለድ የሚያስብ ሰው ግን ቀድሞ ማወቅ አለበት። የማያስበውም ቢሆን ቤቱ ገብቶ ብቻውን ሊደነግጥ አይገባም። ለአባቴ ይህን የነገረው አልነበረም። እኔ ነኝ አንብቤ የነገርኩት፤ አቀርቅሮ ሰማኝና «እሺ፣ ማወቁ ይሻላል» አለ። ተቆርጦለት ዛሬ ሌሊቱን ደህና ይተኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ኦፕራሲዮን የውጨኛው ክፍል አይወጣም። ካንሰር የሚነሳው ደግሞ በብዛት ከዚያ ስለሆነ «እኔ ፕሮስቴቴን ወጥቶልኛል» ብሎ ክትትል ማቆም አይቻልም።

ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ ምንም አልተሰማውም ነበር። ሌላ ምርመራ ሲያደርግ ፒኤስኤው ከፍ ብሎ ተገኘ። ፒኤስኤ ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ሥራው የዘር ፈሳሽን ማቅጠን ነው። ካንሰር ብቻ ሳይሆን የዕጢው ማደግ፣ ኢንፌክሽንና ካቴተርም ከፍ ያደርጉታል። ከ4 እስከ 10 ናኖግራም ውስጥ ያለ ውጤት ይዘው ከዕጢው በመርፌ ናሙና ከተወሰደላቸው ከአራቱ አንዱ ገደማ ነው ካንሰር የሚገኝበት። ስለዚህ የአንድ ቀን ቁጥር ይዞ መደናገጥ አይገባም። ብዙ ጊዜ ይደገማል። አሁን ደግሞ ከናሙና በፊት ኤምአርአይ ማንሳት እየተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ኤምአርአይ ቢቀድም ከአራቱ አንድ የሚሆኑት ወንዶች ከመርፌው ሊድኑ እንደሚችሉ አሳይቷል።

የጋሼ ኤምአርአይ አጠራጣሪ ቦታ አሳየ፤ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ላይ «ግሊሰን 3+4» የሚል ነበር። ይህን አነባበብ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዶናልድ ግሊሰን የተባሉ አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት የጀመሩት አሰጣጥ ነው። ሕዋሳቱ ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቁ ይለካል። መጀመሪያ የሚጻፈው በብዛት የታየው ነው፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። 3+4 እና 4+3 ሁለቱም ሰባት ቢሆኑም እኩል አይደሉም፤ 4 የቀደመበት ይከፋል። 3+3፣ ማለትም ስድስት፣ የሆነ ሰው ካንሰሩ በጣም ቀርፋፋ ነው። ብዙ ጊዜ ወዲያው አይነካም።

ጋሼ በስልክ የነገረኝ ቃል «አሁኑኑ ይውጣልኝ» ነበር። ማንም እንዲህ ይላል። ካንሰር የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ማደር አይፈልግም። ግን ዕጢው ውስጥ ብቻ ያለ የፕሮስቴት ካንሰር በአብዛኛው የሳምንታት ጉዳይ አይደለም። ተቀምጦ ለማሰብ፣ ሁለተኛ ሐኪም ለማየት ጊዜ ይሰጣል። እኔ ደብተሬን ይዤ ሄድኩና ሦስቱን መንገዶች አብረን አየን።

ክትትል አንዱ ነው። ይህ ዝም ብሎ መተው አይደለም። ፒኤስኤ በየወራቱ ይለካል፣ ኤምአርአይና ናሙና ይደገማል፣ ካንሰሩ ከተነሳሳ ወደ ሕክምና ይገባል። ሁለተኛው ዕጢውን በሙሉ ማውጣት ነው። ሦስተኛው ጨረር ነው፤ ከውጭ ወይም ጨረር የሚሰጡ ፍሬዎችን ዕጢው ውስጥ በመትከል።

እኔን በጣም የረዳኝ እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ ፕሮቴክት የሚባል ጥናት ነው። 1,643 ወንዶች በዕጣ ለሦስቱ መንገዶች ተመደቡ። የ15 ዓመቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። በካንሰሩ የሞቱት በሦስቱም ቡድን ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበሩ። በሕይወት በመቆየት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ክትትል ላይ ከነበሩት ውስጥ ካንሰሩ ወደ ሌላ ቦታ የተሰራጨባቸው ከመቶ ዘጠኝ ሲሆኑ፣ በሁለቱ ሕክምናዎች አምስት ገደማ ነበሩ። ከክትትሉ ቡድን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በጊዜ ሂደት ታክመዋል። ሩብ ያህሉ ግን ከ15 ዓመት በኋላም ያለ ቀዶ ሕክምናና ያለ ጨረር በሕይወት ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰራቸው ቀደም ብሎ የተገኘላቸው እንደነበሩ መርሳት የለብንም። ለጠንካራው ዓይነት ይህ ስሌት አይሠራም።

በሕይወት የመቆየቱ ነገር እንዲህ ከተቀራረበ ምርጫውን የሚወስነው ሕክምናው የሚያሳጣው ነገር ነው። ዕጢው በሙሉ ሲወጣ ሽንት የሚቋጥረው ጡንቻ ይፈተናል። አብዛኛው ሰው ወራት ቆይቶ ይመለስለታል። በዚያ ጊዜ ፓድ መጠቀም፣ የዳሌ ወለል ጡንቻን ማሠራት የግድ ነው። ጥቂቶች ላይ ግን ማፍሰሱ ይቀራል። ብልት የሚያቆሙት ነርቮች ከዕጢው ግራና ቀኝ ተጠግተው ያልፋሉ። ፓትሪክ ዎልሽ የተባሉ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1982 እነሱን ማትረፍ እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል፤ ግን ሁሉም ሰው ላይ አይሳካም። ጨረር ሽንት ማፍሰስን ብዙም አያመጣም። ፊኛና ፊንጢጣን ግን ሊያስቆጣ፣ ሰገራን ሊያዛባ ይችላል። የወሲብ አቅምን ቀስ እያለ ይቀንሳል። ሌላም ልዩነት አለ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ካንሰሩ ቢመለስ ጨረር መጨመር ይቻላል። ከጨረር በኋላ ግን ዕጢውን ማውጣት በጣም ከባድ ነው።

ጋሼ አስተማሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ተማሪ ፊት ይቆማል። «ሱሪዬ ላይ ሽንት እየፈሰሰ ሰሌዳ ፊት መቆም አልችልም» አለ፤ ጨረሩን መረጠ፤ ከስድስት ወር የሆርሞን መርፌ ጋር። በዚያው ሰሞን ያወቅነው ሌላ ታካሚ ደግሞ ከጋሼ ጋር ተቀራራቢ ውጤት ይዞ ኦፕራሲዮኑን መረጠ። «ውስጤ እንዳለ እያወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም» ነው ያለው። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የሚያናድደኝ ሰውየው አፉን ሳይከፍት ሌላ ሰው ሲመርጥለት ነው።

የሆርሞኑ መርፌ በጣም ከበደው። ስለ ጨረሩ የተዘጋጀነውን ያህል ስለ መርፌው አልተዘጋጀንም። የፕሮስቴት ካንሰር በቴስቶስትሮን እንደሚመገብ ቻርለስ ሀጊንስ እ.ኤ.አ. በ1941 አሳይተው፣ በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። መርፌው ያንን ቴስቶስትሮን ይዘጋል። ጋሼ ክፍል ውስጥ እያስተማረ በድንገት ሙቀት ከደረቱ ተነስቶ ፊቱን ያነድደው ነበር። ሸሚዙ በላብ ይርሳል፣ ወዲያው ይበርደዋል። ሆደ ባሻ ሆነ። ሚስቱ ምን እንደነካው ግራ ገባት። መርፌው እንደሆነ ሲነገራት ነው የተረጋጋችው። ሕክምናው ሲራዘም አጥንት ይሳሳል፣ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ስኳርና የልብ ሕመም የመያዝ አደጋ ይጨምራል። ክብደት የሚያነሳ እንቅስቃሴ ለዚህ ትልቅ መድኃኒት ነው።

ካንሰሩ ከዕጢው ወጥቶ አጥንት ላይ ለደረሰበት ሰው ይህ የሆርሞን ሕክምና መሠረቱ ነው። በመርፌ፣ ወይም የዘር ፍሬን በማውጣት ይሰጣል። የማውጣቱን ነገር ብዙ ወንድ መስማት አይፈልግም። ግን አንዴ ተሠርቶ ያበቃል፣ መርፌ ተቋረጠ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ በዚያ ላይ አቢራቴሮን ወይም ኤንዛሉታማይድን የመሰሉ መድኃኒቶች ከመጀመሪያው ሲጨመሩ ዕድሜን እንደሚያራዝሙ ተረጋግጧል። ዶሴታክሴል የሚባል ኬሞቴራፒ አለ። የካንሰሩን ሕዋስ ፈልጎ ጨረር የሚያደርስ ሉቴሺየም የሚባል ሕክምናም እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ተፈቅዷል። አጥንት ላይ የደረሰ ካንሰር ያለበት ሰው አዲስ የጀርባ ሕመም ከተሰማው፣ እግሩ ከዛለ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ካንሰሩ ህብለ ሰረሰሩን ተጭኖት ሊሆን ይችላል። ከተዘገየ የዛለ እግር ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ጋሼ ከጨረሩ በኋላ ፒኤስኤው ቀስ እያለ ወረደ። ወዲያው ዜሮ ስላልገባ ተጨንቆ ነበር። ከጨረር በኋላ ዕጢው በቦታው ስላለ ጥቂት ይቀራል፤ ካንሰሩ ተመልሷል ወይ ተብሎ የሚታየው፣ ከደረሰበት ዝቅተኛ ቁጥር በ2 ከፍ ማለቱ ነው። አሁን በየስድስት ወሩ ይለካል። ሙቀቱ ቆሟል፣ ክፍሉም ተመልሷል።

አባት ወይም ወንድም የፕሮስቴት ካንሰር ካለበት የሌላው ወንድ አደጋ በእጥፍ ያህል ይጨምራል። ቢአርሲኤ 2 የሚባለው የዘር ለውጥ በቤተሰቡ ውስጥ ካለ ከዚያም ይብሳል። እኔም ስለዚህ በቅርቡ ፒኤስኤዬን ተለካሁ፤ ዝቅተኛ ነው፣ በየጊዜው እደግመዋለሁ። ታናናሾቼንም አንድ በአንድ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። አንዱ «ሽንቴ እኮ ደህና ነው» አለኝ። ካንሰሩ የሚነሳው ከቧንቧው ርቆ እንደሆነ አስረድቼው፣ ቀጠሮውን አብረን ያዝን።